በወረራ ይሉኝታ የለም

አንተ አንባቢ፣ ጠላትህ ፈረሱን ጭኖ፣ ጋሻውን አንግቦ፣ ሰልፉን አሳምሮ እስኪጨርስ ድረስ እጅህን አጣጥፈህ ቆመህ ጠብቀኸው ታውቃለህ? «ምን ቆርጦኝ!» ካልህ ጤነኛ ሰው ነህ፤ እየሳቅህ አንብብ። «እጠብቃለሁ፤ ጨዋነት ነው» ካልህ ግን ይህ ነገር የሚነካው አንተን ነውና ጠንቅቀህ አንብብ።

ሰንጠረዥ በቀይ ጨርቅ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጨርቁ በጥቁር ክር ተከፋፍሎ ስድሳ አራት ቤት ይወጣዋል፤ በወዲህና በወዲያ ጫፍ ሁለት ንጉሦች ከነሠራዊታቸው ይቆማሉ። ከንጉሡ ጎን አማካሪው ፈርዝ፣ ከዚያ በሰያፍ የሚዘልለው ፊል፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ዳር ላይ ደግሞ በቀጥታ የሚነዳው ኃይለኛው ደር። ከፊት እግረኞቹ መደቆች በተርታ ይሰለፋሉ። ከዚህ ሁሉ ግን ልታውቀው የሚገባህ ወረራን ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን፣ ሰዎቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ሰው የገደለ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ተራ በተራ መጫወት ከዚያ በኋላ ነው።

ሕጉ ይኸው ነው። አንድ ቃል አይጨመርበትም፤ አንድ ቃል አይቀነስለትም። ነገር ግን በእንጦጦ ላይ፣ በደጃዝማች ገረሱ ግቢ፣ አንድ ሳል ተጨምሮበት ነበር።

ሳሉ የአዛዥ ፀሐዬ ነው። አዛዥ ፀሐዬ የግቢው ሹም ናቸው፤ ጓዳውንም ጋጣውንም የሚያዙት እሳቸው ናቸው። የደጃዝማቹ ልጅ ዓምደ ሚካኤል አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሰንጠረዥ ለመጫወት በተቀመጠ ቁጥር ሰዎቹን በሁለት ጣቱ አንድ በአንድ እያነሣ፣ እንደ ሚዜ እያሰማመረ ያሰልፋል። ባላጋራው የየትኛውም መኰንን ልጅ ቢሆን፣ የሚገደል ሰው ከፊቱ እያየ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ዓምደ ሚካኤል ጨርሶ ቀና ሲል አዛዡ «እህ!» ብለው ይስላሉ። መግደል የሚፈቀደው ያን ጊዜ ነው። ከሳሉ በፊት የገደለ ልጅ ታይቶ አይታወቅም፤ ዓምደ ሚካኤልም በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተሸንፎ አያውቅም። የአንድ ሰው ጉሮሮ ሲያሳክከው ሕግ ይሆናል እንዴ? ይህን ጨዋነት ብሎ የሚጠራ ሰው ጨዋነትንም ሰንጠረዥንም አያውቅም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ልጁ ራሱ ነው፤ ተጫዋች መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የካ ላይ የምትኖረው ኢፍቱ ከዚህ ግቢ ጋር ጠብ የገጠመችው በበቅሎዋ ምክንያት ነው። ኢፍቱ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ኢቲቻ በየካ ተዳፋት ገብስ ያርሳል፣ ቀፎ ይሰቅላል። በቅሎዋ እምቢታ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት ኢፍቱ ናት፤ ጭነት ሲበዛባት አራት እግሯን መሬት ላይ ትተክልና ጭነቱ እስኪቀነስላት አትነቃነቅም። ገና እንደ ዘንጋዳ አገዳ በቀጠነ እግሯ ስትንገዳገድ ጀምሮ ኢፍቱ ከመዳፏ ገብስ እያበላች አሳድጋታለች። የሰው ሁሉ እጅ ትነክሳለች፤ የኢፍቱን ትልሳለች።

በቅበላው ሰሞን ኢቲቻ ማር በእምቢታ ጭኖ ወደ ደጃዝማቹ ግቢ ወጣ። ዓምደ ሚካኤል በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር።

«እንዴት ያለች ያማረች በቅሎ ናት!» አለ።

ኢቲቻ ትሑት ሰው ነው። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እንኳን በቅሎዪቱ እኔም የእርስዎ ነኝ» አለ።

ይህን የማይል ማን አለ? እንግዳ መጥቶ «ቤትህ ያምራል» ሲልህ «ቤትዎ ነው» ትለዋለህ፤ ታዲያ እንግዳው ምሰሶውን ነቅሎ ይሄዳል? አዛዥ ፀሐዬ ግን ነቅለው ሄዱ! ኢቲቻ ማሩን አስረክቦ ሲመለስ እምቢታ በግቢው ጋጣ ታስራ አገኛት።

«በአፍህ ሰጥተሃል፤ ምስክርም አለ» አሉት አዛዡ።

«እኔም የእርስዎ ነኝ ብያለሁኮ፤ እኔንስ ለምን ጋጣ አላስገባችሁኝም?» ማለት ይገባው ነበር። እሱ ግን ባዶ ስልቻውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ የካ ወረደ።

«አባዬ፣ እምቢታ የት አለች?» አለች ኢፍቱ ደጅ ላይ።

«ሰጠኋት፣ ኢንተላ ኮ» አላት፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለቱ ነው።

«ለማን? ለምን?»

ኢቲቻ ስልቻውን ከትከሻው አወረደ። «ልጄ፣ ሳልሰጣት ነው የሰጠኋት» አለ።

ኢፍቱ አላለቀሰችም። በማግስቱ ወደ እናቷ ወንድም ወደ መሪጌታ ሠረቀብርሃን ወጣች። መሪጌታ እንጦጦ ላይ ቅኔ ያስተምራሉ። ቁጣቸው ከድምፃቸው ይቀድማል፤ ሰንጠረዥ የሚወዱትን ያህል የሚጫወታቸው ሰው አጥተዋል፤ ተማሪዎቻቸው ዱላቸውን ፈርተው እየተሸነፉላቸው ነበርና፣ ይህ ደግሞ ከመሸነፍ ይልቅ ያናድዳቸዋል። ኢፍቱን ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ያስተማሯት «ዱላ የማትፈራ ይህቺ ብቻ ናት» ብለው ነው።

ነገሩን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ ከመደባቸው ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ አሰቡ። ደጃዝማች ገረሱ በየዓመቱ በፋሲካ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ሰንጠረዥ ያጫውታሉ። አሸናፊው ከደጃዝማቹ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የጠየቀውም አይከለከልም። ዓምደ ሚካኤል ዘንድሮ የሚጠይቀው ታውቋል። እምቢታ የብር ኮርቻ ተጭኖባት በስሙ እንድትሆንለት ነው።

«ከሱ በፊት ትጠይቂያታለሽ» አሉ መሪጌታ። «ተቀመጪ።»

ሁዳዴውን ሙሉ ተጫወቱ። በመጀመሪያው ቀን ኢፍቱ አምስት ሰው አንቀሳቅሳ ቆመች።

«ለምን ቆምሽ?»

«እርስዎ ሰልፍዎን እስኪጨርሱ ነው፣ የኔታ። እዚያ ግቢ እንዲህ ነው የሚጫወቱት አሉ።»

መሪጌታ ጨርቁን ከነሰዎቹ ገለበጡት። «ጅብ አህያዪቱ ጭነቷ እስኪራገፍላት ይጠብቃል? በወረራ ይሉኝታ የለም! ይሉኝታሽን ከምርኩዜ ጋር በር ላይ አቁሚውና ግቢ፤ ስትወጪ ትወስጂዋለሽ!»

በአራተኛው ሳምንት አሸነፈቻቸው። መሪጌታ ፈርዙን በመስኮት ወርውረው ሳማ ውስጥ ጣሉት። ወዲያው ደግሞ ራሳቸው በጉልበታቸው ገብተው ሲፈልጉት ቆዩና እጃቸው አብጦ ተመለሱ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉ እጃቸውን እያከኩ፤ «አሁን የልጁን ሰልፍ ላሳይሽ። ባለፈው ዓመት ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ለታይታ ብሎ ፈርዙን ከንጉሡ ጎን አንሥቶ ወደ ፊት ያወጣዋል። ፈርዙ ሲወጣ ይህቺ ቤት ጠባቂ ታጣለች፤ አንድ መደቅ ብቻ ይቆምባታል። ፈረስሽ በስንት ዝላይ ይደርሳል?»

ኢፍቱ ጣቷን በጨርቁ ላይ አዘለለችው። «በሦስት።»

«መደቁን ገድሎ እዚያ ከቆመ ማንን ያገኛል?»

«በዚህ በኩል ንጉሡን» አለችና ቆም አለች፤ ሳቋ አመለጣት። «በዚያ በኩል ደሩን!»

«ንጉሡ ሲሸሽ ደሩ ይሞታል። ይህ የሚሆነው ግን» አሉ መሪጌታ ያበጠ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ሳሉን ሳትጠብቂ ከገደልሽ ነው። ልጁ ሰልፉን ከጨረሰ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። እዚያ ሁሉም ሰው ያፈጥብሻል። እጅሽ ጭንሽ ላይ መውረድ ያምረዋል። ያን ጊዜ ምን ታስቢያለሽ?»

«ጅቡን» አለች ኢፍቱ።

ሐሙስ ጧት ከአባቷ ጋር ከየካ ወጡ። ዳገቱ ላይ ሁለት ባላገሮች ከፊታቸው ይሄዱ ነበር። የአንደኛው የኩታ ጫፍ ከሁለተኛው የኩታ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል፤ አንዱ ድንጋይ ሲዞር ሌላው እየተጎተተ አብሮ ይዞራል።

«አባዬ፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«ባላጋራዎች ናቸው። አንዱ ለክርክር ሲጠራ ሌላው እንዳያመልጥ ልብሳቸው ይቋጠራል። ዳኛ ፊት ቀርበው የተጠየቀው መልስ እስኪሰጥ ማንም አይፈታቸውም።»

አንደኛው በእንቅፋት ወደቀ፤ ሌላውም ላዩ ላይ ወደቀ። እየተሰዳደቡ ተደጋግፈው ተነሡ። ኢፍቱ እስከ ግቢው በር ድረስ ሳቀች።

በሩ ላይ ሳቋ ቆመ። አዛዥ ፀሐዬ ጭራቸውን እያወዛወዙ መንገዱን ዘጉ።

«ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር? አይሆንም።»

«አዋጁ ‘ልጅ’ ይላል» አሉ መሪጌታ ሠረቀብርሃን ከኋላ ደርሰው። «ይህቺ ልጅ ካልሆነች ምንድን ናት? ዳዊት የደገመች ፍየል ናት?»

ከእልፍኙ መጋረጃ ጀርባ የእመቤቲቱ፣ የደጃዝማቹ ሚስት፣ ድምፅ መጣ። «አዛዥ፣ ትናንት ማታ ደጃዝማቹን በሰንጠረዥ ማን እንዳሸነፋቸው ጠይቋቸው እስቲ።»

ደጃዝማች ገረሱ ከዙፋን መሳይ አልጋቸው ላይ ሆነው ጢማቸውን አሻሹ። «ትግባ፣ ትግባ» አሉ ቶሎ ብለው።

አዛዡ አስገቧት፤ ግን በአንድ ውል። መሪጌታ ከጨዋታው መጨረሻ በፊት አንድ ቃል ከተነፈሱ ልጅቱ ተሸነፈች። መሪጌታ የገዛ ጭራቸውን እጀታ በጥርሳቸው ነክሰው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ከሰዓት በፊት ኢፍቱ ሁለት ልጆች አሸነፈች። እነዚህ በወረራ ጊዜ እንደ ሕጉ ተጫወቷት፤ ለባላገር ልጅ ይሉኝታ የያዘው አልነበረምና። ይሉኝታ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚፈስሰው፤ ውሃ እንኳ የማያውቀውን ጥበብ ያውቃል! እኩለ ቀን ሲያልፍ ከስምንቱ ልጆች የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ኢፍቱና ዓምደ ሚካኤል ከቀዩ ጨርቅ ወዲህና ወዲያ ተቀመጡ።

«የየካ ልጅ ነሽ?» አለ ዓምደ ሚካኤል።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«በቅሎዪቱ ታውቅሻለች አሉ። ትናንት የጋጣውን ሹም ባልደራሱን ነከሰችው። ምን ስትይ ነው የምታስነሺያት?»

«አልላትም። እሷ ስትፈልግ ትነሣለች።»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ ሰዎቹን ማሰማመር ጀመረ።

ወረራ! ኢፍቱ አንድ መደቅ ገፋች፤ ሁለተኛ ገፋች። ዓምደ ሚካኤል መደቁን ገፍቶ ለፈርዙ መንገድ ከፈተ። በዙሪያው ያሉት መኳንንት «አቤት ሰልፍ!» «ይህ ነው ጦር!» ይሉ ነበር። ኢፍቱ ፈረሷን አዘለለች። ዓምደ ሚካኤል ፈርዙን ከንጉሡ ጎን አንሥቶ አወጣው፤ ደግሞ ወደ ፊት ወሰደው፤ ቀጥ ብሎ መቆሙን ዝቅ ብሎ አየ። ኢፍቱ ፈረሷን ሁለተኛ አዘለለች።

ቀዳዳዪቱ ተከፍታለች። አንድ መደቅ፣ ብቻውን፣ ጠባቂ የሌለው።

ዓምደ ሚካኤል ፊሉን በሁለት ጣቱ ይዞ ገና እያስተካከለ ነው። አዛዥ ፀሐዬ አልሳሉም። ሠላሳ ሰው ዓይኑን እጇ ላይ አድርጓል፤ አባቷ በሩ ጥግ አንገቱን ደፍቷል። እጇ ወደ ፈረሱ ሄደ፤ ተመለሰ። «አሁን እኔ ብገድል አባቴን ምን ይሉታል? ልጁን ያላሳደገ ባላገር ይሉታል» ብላ አሰበች። እጇ ጭኗ ላይ ሊወርድ ምንም አልቀረውም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሁሉም ልጆች እጅ እንደ ወረደው። ጅቡ ጠፋባት። ምንም ብትፈልገው አልመጣም።

ከጋጣው በኩል አንድ ነገር ተሰበረ። አሽከር ሲጮኽ ተሰማ፤ «ኧረ ይህቺ የተረገመች እንደገና እግሯን ተከለች!»

ኢፍቱ ፈረሷን አነሣች። መደቁን ገደለችና በቦታው ቆመች።

«ንጉሥዎን ይጠብቁ» አለች።

መኳንንቱ ወደ ጨርቁ አጎነበሱ። ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ ጮኸ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ!» አሉ አዛዥ ፀሐዬ። «ጌታው ገና አልጨረሱም!»

«እኔ ጨርሻለሁ።»

«መልሺ! መደቁን አንሥተሽ ቤቱ መልሺ!»

ከኋላ አንድ ደብተራ «የሞተ እንዲነሣ ከፈለጉ ትንሣኤው ባለፈው እሑድ ነበር!» ብሎ ጮኸና ራሱን ከሰው ጀርባ ደበቀ።

ዓምደ ሚካኤል ጨርቁን ያይ ነበር። ንጉሡ ተይዟል፤ ደሩ ተይዟል፤ የሚሆነውን ለማመን ሁለት ጊዜ በጣቱ ቆጠረ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር መጣበት። ከመቀመጫው ወደ ፊት ተጠጋ፤ ኩታውን ከትከሻው ጥሎ እጁን ሰበሰበ።

«ተዉት» አለ።

«ጌታዬ፣ ይህ ነውር…»

«አዛዥ፣ ተዉት አልሁ! ተራው የኔ ነው።» ንጉሡን አሸሸ። ኢፍቱ ደሩን ገደለች። «ስምሽ ማን ነው?»

«ኢፍቱ።»

«ኢፍቱ፣ ያ ፈረስሽ ከዚያ ጥግ በሕይወት አይወጣም።»

እውነቱን ነበር። ፈረሱ ደሩን የገደለበት ጥግ መውጫ አልነበረውም፤ ዓምደ ሚካኤል በሦስት እርምጃ ከብቦ ገደለው። መኳንንቱ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ ይመክሩት ጀመር፤ «ፊሉን!» «ኧረ መደቁን!» «በቀኝ፣ በቀኝ!» ልጁ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ በኋላ የተጫወተው ጨዋታ ኢፍቱን ላብ በላብ አደረጋት። ፈርዟን ገደለ። ከሁለቱ ደሮቿ አንዱን በፈረሱ አጠመደባትና ወሰደ። እሷም ተናደደች።

«ንጉሥህን!» አለችው በአንድ ወቅት፤ ‘አንተ’ ማለቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው። አፏን በእጇ ያዘች።

«እጅሽን አፍሽ ላይ አታድርጊ፤ ተጫወቺበት» አለ ዓምደ ሚካኤል ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሣ።

ጥላው በረንዳውን ሲሻገር፣ ዓምደ ሚካኤል ከንጉሡ ሌላ የቀረው አንድ ፈረስ ብቻ ነበር። ኢፍቱ ንጉሧ፣ አንድ ደር፣ አንድ ፊልና አንድ መደቅ አሏት። እዚህ ላይ የቆየ ሕግ አለ፤ ይህኛው እውነተኛ ሕግ ነው። ንጉሥ ከአንድ ባልንጀራ ጋር ብቻ ከቀረ በሰባት እርምጃ መያዝ አለበት። ካልተያዘ ጨዋታው እኩል ይወጣል፤ እኩል ከወጣ ደግሞ የጠያቂነቱ መብት ባለፈው ዓመት አሸናፊ እጅ ይቀራል። አዛዥ ፀሐዬ ደስ አላቸው። ቆጠራውን ራሳቸው ያዙ።

«አንድ!» «ሁለት!» «ሦስት!»

በአራተኛው ኢፍቱ መንገዱን አየችው። ደሯን ወደ ዳር ብትነዳው ንጉሡ እዚያው ያልቃል። እጇን ሰደደች፤ ግን አዛዡ ፊት ላይ አንድ ፈገግታ ስትንፏቀቅ አየች። ገባት። በደር መግደል አልተከለከለም፤ ሆኖም በሰንጠረዥ አዋቂ ዘንድ የጉልበተኛ አገዳደል ነው፤ ክብሩ በትንሹ መግደል ነው። ዛሬ በደር ብትገድል ማታ በየእልፍኙ «ባላገር በዱላ መትታ ገደለችው» ይባላል። ደሩን አነሣችና በመንገድ ላይ አቆመችው፤ ለመግደል ሳይሆን በር ለመዝጋት።

መሪጌታ ሠረቀብርሃን የጭራቸውን እጀታ ነክሰው ሰበሩት። ቃል ግን አልተነፈሱም።

«አራት! አምስት!» አሉ አዛዡ ባንድ ትንፋሽ።

«አራት ነው!» አለ ዓምደ ሚካኤል። «አዛዥ፣ በትክክል ቁጠሩ። እኔን እያሳፈራችሁኝ ነው።»

«አምስት» ሲባል ፊሏ ዘሎ ከመደቋ ኋላ ጠባቂ ሆኖ ቆመ። «ስድስት» ሲባል ንጉሧ አንድ እርምጃ ቀረበ። ዓምደ ሚካኤል ፈረሱን አዘለለ፤ ንጉሡ የቀረው መሸሻ ሁለት ቤት ነው፤ አንዱን ደሩ ዘግቶታል፤ ሌላውን ንጉሧ። ኢፍቱ የመጨረሻዋን መደቅ፣ ከጧት ጀምሮ ማንም ልብ ያላላትን እግረኛ፣ በአንድ ጣቷ አንድ ቤት ገፋቻት።

«ሰባት» አለች ራሷ። «ንጉሥዎን፣ ጌታዬ።»

ዓምደ ሚካኤል በዚህ አየ፣ በዚያ አየ። መደቋን በንጉሡ እንዳይገድላት ፊሏ ይጠብቃታል፤ ፈረሱም አይደርስባትም። ከዚያ ወደ ኋላው ተንጋልሎ ሳቀ።

«ተያዝሁ!» አለ። «በመደቅ ተያዝሁ! በሉ ሰዎቹን መልሱና እንደገና እንጫወት!»

ከልጁ በቀር የሳቀ አልነበረም። መኳንንቱ ወደ ደጃዝማቹ ያዩ ነበር፤ ደጃዝማቹም ወደ መኳንንቱ። ነገሩ ግልጽ ነው። ሳሉ ሕግ ካልሆነ የሦስት ዓመቱ ድል ሁሉ ምን ሊሆን ነው? ልጆቻቸውን እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ ብለው የመከሩት አባቶችስ ምን ሊባሉ ነው?

አዛዥ ፀሐዬ ወደ መካከል ወጡ። «ጌታዬ፣ ወረራው ሳይፈጸም ስለ ተገደለ ጨዋታው እንዳልነበረ ይቆጠራል። አሸናፊ የለም።»

ደጃዝማች ገረሱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጠብ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ከክፋት የባሰ ጉዳት ያደርሳል። «እንግዲህ» አሉ ጢማቸውን እያሻሹ፤ «የፋሲካ ሳምንት ነው፤ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ የሚለውን እንተወው። በቅሎዪቱን ለልጅቱ ሰጥቻታለሁ። ችሮታዬ ነው።»

«ችሮታ ነው፤ ድል አይደለም» አሉ አዛዡ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አሽከሮች እምቢታን እየጎተቱ በረንዳው ሥር አመጧት፤ ከአንገቷ ላይ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ኢቲቻ ከበሩ ጥግ ተነሣ። ፊቱ በደስታ አብርቷል፤ ወገቡን አጥፎ እጅ ነሣ፤ ከንፈሩ ተላቀቀ። ኢፍቱ አባቷን ታውቀዋለች። ምን ሊል እንደ ሆነ ሰማችው፣ ገና ሳይለው፤ «ጌታዬ፣ እንኳን በቅሎዪቱ እኛም…»

ሮጣ ሄዳ እግሩን ረገጠችው።

«አባዬ፣ እንዳትል!» አለች በሹክሹክታ። «ባለፈው በዚሁ ቃል ነው የሄደችው። በችሮታ የመጣች በችሮታ ትሄዳለች። ልጓሙን አትያዝ።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ ኢንተላ ኮ?»

«አንተ ዝም በል። የሚናገረው ሌላ ነው።»

ተመልሳ ገባች። አዛዥ ፀሐዬ ነገሩ ስላለቀ ኩታቸውን እያጣፉ ወደ ጓዳ ሊገቡ ነበር። የኩታቸውን ጫፍ ያዘች። የራሷን ነጠላ ጫፍ አወጣች። ሁለቱን አጋጠመችና በእምቢታ ላይ ስልቻ በምታስርበት ቋጠሮ፣ ሲጎትቱት በሚጠብቀው፣ ቋጠረቻቸው።

«ምን ታደርጊያለሽ አንቺ!» አዛዡ ጎተቱ። ቋጠሮው ጠበቀ። ኢፍቱ አብራ ተጎተተች፤ እግሯን ግን እንደ በቅሎዋ ተከለች።

«በደጃዝማች ገረሱ አምላክ ይዤዎታለሁ!» አለች። በስማቸው አምላክ የተያዘ ሰው መልስ ሳይሰጥ አይንቀሳቀስም፤ ይህን ከደጃዝማቹ ጀምሮ የማያውቅ በቤቱ አልነበረም። የእልፍኙ መጋረጃ ተገልጦ እመቤቲቱ ብቅ አሉ። ጨዋታው አልቋልና መሪጌታ ሠረቀብርሃን የተሰበረውን ጭራ ከአፋቸው አወጡ። ዓምደ ሚካኤል ከጨርቁ አጠገብ ተነሥቶ መጣና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እንደ ምስክር ከጎኗ ቆመ።

አዛዥ ፀሐዬ ዙሪያቸውን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህ!» አሉ።

«በሳል አይደለም፣ አዛዥ» አለች ኢፍቱ። «በቃል። ከሳልዎ በፊት የገደለ አላሸነፈም የሚለውን ሕግ ማን ደነገገው? በየት ተነገረ? ሕጉ ካለ ይጥሩት። ከሌለ ያሸነፈው ማን እንደ ሆነ ስሙን ይጥሩ። እዚሁ፣ አሁን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይጠየቁ!»